ለቀባሪው አረዱት

ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ጎላ ያለ አንድ ዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይመረጥና፣ ነፋስ የሚያርገበግባትን ግማሽ ገጽ ወረቀት በሁለት እጁ ጨብጦ ያነባል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ተብሎ ይጀመራል። ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ሹመቱ፣ የተቀበሉት የምስክር ወረቀት ሳይቀር ይዘረዘራል። በመጨረሻ «ሟች ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ» ይባልና ያበቃል። ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ «ነፍስ ይማር» ይላል።

ከኋላ፣ ከጥዱ ሥር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመች አንዲት ሴትዮ ግን አለች። ከአምስቱ ልጆች ሦስቱን የወለደች እሷ ናት። ወረቀቱ ላይ የለችም። ማንም ሆን ብሎ አልሰረዛትም፤ ግማሽ ገጽ አልበቃ ብሎ ነው። ታሪክ ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ከጥዱ ሥር ስለቆመች አንዲት ሴት ነው። አገሯ ሩቅ ነው፤ አሜሪካ። ስሟ ቪቪያን ሊቤርቶ ይባላል። የዝነኛው የካንትሪ ዘፋኝ የጆኒ ካሽ የመጀመሪያ ሚስትና የአራት ሴቶች ልጆቹ እናት ናት። እሷን ከዛፉ ሥር ጎትቶ ወደ ፊት ያመጣት ደግሞ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የሙዚቃ አልበም ነው። የበኩር ልጇ ሮዛን ካሽ በ2006 ያወጣችው «ብላክ ካዲላክ»፣ ማለትም «ጥቁሩ ካዲላክ»። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ጆኒ ካሽ በ1932 በአርካንሶ ግዛት፣ ኪንግስላንድ በምትባል ቦታ ተወለደ። ያ ዘመን አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት፣ ገበሬው ባዶ እጁን የቀረበት ነው። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የደኸዩ ገበሬዎችን ለማቋቋም የሰፈራ መንደሮችን ሲመሠርት፣ የካሽ ቤተሰብ በ1935 ዳይስ በምትባል የሰፈራ መንደር ቤትና መሬት አገኘ። መሬቱ ረግረጋማ ነበር። ጫካውን መንጥረው ጥጥ ዘሩ። ልጅ፣ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ጥጥ ለቀመ፤ ሁሉም እየለቀመ ዘፈነ። ጆኒ 12 ዓመት ሲሆነው፣ በ1944፣ በጣም የሚወደው ታላቅ ወንድሙ ጃክ እንጨት ሲሰነጥቅ መጋዝ በላው። ሳምንት ያህል አጣጥሮ ሞተ። ጆኒ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሞት የዘፈነው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

በ1950 አየር ኃይል ገባ። ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ ሥልጠና ላይ ሳለ፣ በ1951 የበጋ ወራት፣ አንድ የስኬቲንግ አዳራሽ ውስጥ ቪቪያንን አገኛት። እሷ ገና ተማሪ፣ የጣልያን ዝርያ ያላት፣ አጥባቂ ካቶሊክ ነች። ሦስት ሳምንት ያህል አብረው አሳለፉና እሱ ወደ ጀርመን ተላከ። ሥራው የሶቪየቶችን የሬዲዮ መልእክት መጥለፍ ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ የሞርስን «ቲ-ቲ-ታ» ሲለቅም ውሎ፣ ማታ ለቪቪያን ደብዳቤ ይጽፋል። ለሦስት ዓመት። የተጻጻፉት ደብዳቤ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች የሚለካ ነው። የሦስት ሳምንት ፍቅር ሦስት ዓመት በወረቀት ላይ ኖረ ማለት ነው። በኦገስት 1954 ተጋቡ። በዓመቱ፣ ሜይ 24 ቀን 1955፣ ሜምፊስ ከተማ ሮዛን ተወለደች።

ያው 1955 የጆኒ የመጀመሪያ ሸክላ የወጣበት ዓመትም ነው። በተከታዩ ዓመት «አይ ዎክ ዘ ላይን» የተባለው ዘፈኑ አገር አዳረሰ። ይህን ዘፈን ያዝልኝ፤ እንመለስበታለን። ዘፈኑ የተጻፈው ለቪቪያን ነው። ዘወትር መንገድ ላይ የሚሆን ወጣት ባል፣ ቤት ለቀረች ሚስቱ የገባው የታማኝነት ቃል ነው።

ቃሉ አልተጠበቀም። ዝናው አደገ፤ ጉዞው በዛ፤ ላለመተኛት የሚወሰደው ኪኒን ሱስ ሆነ። ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ። ቪቪያን አራት ሴቶች ልጆች ይዛ ኮረብታ ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ባል መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። ባልየው ደግሞ ከካርተር ቤተሰብ ልጅ ከጁን ጋር በአንድ መድረክ እየዘፈነ በፍቅሯ ወደቀ።

ከዚያ 1965 መጣ። በኦክቶበር ወር ጆኒ ከሜክሲኮ በመቶ የሚቆጠር ኪኒን የጊታሩ መያዣ ሳጥን ውስጥ ደብቆ ሲመለስ ኤል ፓሶ ላይ ተያዘ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቪቪያን ከጎኑ ቆመች። ፎቶግራፍ አንሺዎች አነሷቸው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የቪቪያን መልክ ጠየም ብሎ ታየ። ይኼኔ የነጭ የበላይነት አራማጆች ጋዜጣ «ጆኒ ካሽ ያገባው ጥቁር ሴት ነው» ብሎ ዘመቻ ከፈተ። ዛሬ ለሰሚው ተራ ሐሜት ይመስል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር፤ ሕጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1967 ነው። ዛቻ መጣ። የጆኒ ኮንሰርቶች ላይ አድማ ተጠራ። የጆኒ ሰዎች ሚስቱ ነጭ መሆኗን ለማስረዳት ላይ ታች አሉ። አስቡት እንግዲህ፤ ባሏ ሱስ ውስጥ፣ ልቡ ሌላ ሴት ጋ፣ እሷ ደግሞ በመልኳ ተከሳ የዘር ሐረጓን በማስረጃ እንድታቀርብ ስትጠየቅ።

በ1966 ቪቪያን ፍቺ ጠየቀች። በማርች 1968 ጆኒና ጁን ተጋቡ። ቪቪያንም ሌላ ባል አግብታ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቬንቹራ በምትባል ከተማ ልጆቿን አሳደገች። ከዚህ በኋላ ዓለም ስለ እሷ ያወራው ነገር የለም።

ስለ ጁን ግን ሚዛኑን እንጠብቅ፤ ሙት ወቃሽ አያድርገን። ጁን ካርተር በተራ የእንጀራ እናት ተረት የምትጠቃለል ሴት አይደለችም። እናቷ ሜይቤል፣ በ1927 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ የካንትሪ ሙዚቃ መሠረት የሚባለውን ቀረጻ ካደረጉት ከሦስቱ የካርተር ቤተሰብ ዘፋኞች አንዷ ነበረች። ጆኒን ከኪኒኑ ለማላቀቅ የታገለችው ጁን ነች። ለእሱ አራት፣ ለእሷ ሁለት፣ ለሁለቱ በ1970 የተወለደ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ሮዛን በጁን ቀብር ላይ ባደረገችው ንግግር የመሰከረችው፣ ጁን «የእንጀራ ልጅ»፣ «የእንጀራ እናት» የሚሉትን ቃላት ከቤቷ እንዳባረረቻቸው ነው። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ ሰባት። እኛ አገር «የእንጀራ እናት» የሚለው ቃል ምን ያህል እሾህ እንዳለው የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ስንሰማ ባርኔጣ ማንሳት አለብን።

ሮዛን እንግዲህ በሁለት እናቶች መካከል አደገች። 18 ዓመት ሲሆናት፣ በ1973፣ ትምህርቷን ጨርሳ የአባቷን የጉዞ አውቶቡስ ተሳፈረች። አባት ልጁ የማታውቃቸው የቆዩ ዘፈኖች መብዛታቸውን ሲያይ ደነገጠና፣ ወረቀት አውጥቶ ማወቅ የሚገባትን 100 ዘፈኖች ዘረዘረላት። ሌላ አባት መሬት ያወርሳል፤ ይኼ ዝርዝር አወረሰ። ልጅቱም ዘፋኝ ሆነች። በ1981 ዘፈኗ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በ1991 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ፣ ከናሽቪል ገበያ ርቃ፣ ግጥሙ የሚያመዝን፣ በፎክና በሮክ መካከል የሚቆም ሙዚቃ መሥራት ቀጠለች። የአባቷን ስም ላለመነገድ የተጠነቀቀች ሰው ነበረች።  በማርች 2003 ባወጣችው አልበም ውስጥ ግን አብረው የዘፈኑት አንድ ዘፈን አለ። ስለ ዕድሜ ማምሻ የሚናገር፣ በርዕሱም ላይ «ሴፕቴምበር» የሚል ቃል ያለው ዘፈን ነው።

ከዚያ ሞት በሩን ማንኳኳት ጀመረ። ሜይ 15 ቀን 2003 ጁን ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ73 ዓመቷ አረፈች። ጆኒ አካሉ ደክሞ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ የቀረውን ትንፋሽ ሰብስቦ መቅዳቱን ቀጠለ። አራት ወር አልሞላውም፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን ተከተላት። ሴፕቴምበር! በሚቀጥለው ወር የጁን ልጅ ሮዚ በድንገት ሞተች። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሜይ 24 ቀን 2005፣ ቪቪያን በቬንቹራ ሞተች። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ የሮዛን ሃምሳኛ ዓመት የልደት በዓል ነበር። እናት የወለደችበትን ቀን ጠብቃ ሄደች።

ለጁንና ለጆኒ ዓለም አለቀሰ። ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የመታሰቢያ ኮንሰርቱ፣ ሁሉም ነገር ነበር። ዝነኛ አባት የሞተበት ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሐዘንተኛውን ሊያጽናና ይመጣል። እዚያ ደግሞ የማያውቃት ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ አባቷ ለራሷ ያለቅስላታል፤ እሷ ታጽናናዋለች። ሐዘኑ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለባለቤቷ የሚተርፋት ፍርፋሪ ይሆናል።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ፊልሙ ነው። በኖቬምበር 2005፣ ቪቪያን በሞተች በስድስት ወሯ፣ የጆኒና የጁንን የፍቅር ታሪክ የሚተርክ ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ወጣ። ግሩም ፊልም ነው፤ የጁንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ሪስ ዊዘርስፑን በማርች 2006 ኦስካር ወስዳበታለች። ግን ፊልም እንደ ቀብር ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰዓት አይበቃውም። ፍቅሩ እንዲያምር እንቅፋት ያስፈልጋል። እንቅፋቷ ማን ሆነች? ቪቪያን። የምትነጫነጭ፣ የባሏ ዘፈን የማይገባት፣ ለታላቁ ፍቅር መንገድ መልቀቅ ያለባት ሚስት ሆና ቀረበች። ዘፈኑን ያዝልኝ ብዬህ ነበር አይደል? የፊልሙ ስም «ዎክ ዘ ላይን» ነው! ለቪቪያን የተገባላት ቃል፣ ቪቪያን የተወገደችበት ታሪክ ርዕስ ሆነ።

ሮዛን ይህን ፊልም ዓለም በሙሉ ሲያየው፣ ሲያለቅስበትና ሲያጨበጭብለት የምታይ ልጅ ነች። በልጅነቷ ያየችውን የወላጆቿን ጠብ፣ ተዋናዮች ደግመው ያሳዩዋታል። አበው ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ለባለጉዳዩ ሲተርክ ምን ይላሉ? «ለቀባሪው አረዱት!»

ምን ማድረግ ትችል ነበር? ጋዜጠኛ ጠርታ መማረር፣ ጠበቃ መያዝ፣ «እናቴ እንዲህ አይደለችም» እያለች መከራከር። እሷ በሙያዋ መለሰች። ፊልሙ በወጣ በሁለት ወር፣ በጃኑዋሪ 2006፣ «ብላክ ካዲላክ» ወጣ። በእርግጥ ዘፈኖቹ ለፊልሙ መልስ ተብለው የተጻፉ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በሐዘኑ ዓመታት የተጠራቀሙ ናቸው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚሰማ ሰው መልስነታቸው ግልጽ ነው።

አልበሙ የሚጀምረው በሙዚቃ አይደለም። ከአሮጌ የቤት ቴፕ የተወሰደ የጆኒ ድምፅ ይሰማል። «ሮዛን» ብሎ ይጠራታል፤ ነይ ይላታል። ይኼ የመድረኩ ጆኒ ካሽ አይደለም። ልጁን የሚጠራ አባት ነው። እኔ ይህን ስሰማ በመጀመሪያ የመጣልኝ ነገር፣ እሷ ከብዙ ሚሊዮን ሐዘንተኞች መካከል የራሷን ድርሻ ለየች የሚል ነው። ያንን ስም በዚያ ድምፅ ሲጠራ የሰማ ሌላ ሰው የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የርዕሱ ዘፈን ነው። ጥቁር ካዲላክ ጆኒ የሚነዳው መኪና ነው፤ ጥቁር ካዲላክ የሬሳ መኪናም ነው። ይኼ ነገር ሥር አለው። የካርተር ቤተሰብ በ1935 ከቀረጿቸውና እስከ ዛሬ በአሜሪካ ቀብር ላይ ከሚዘመሩት መዝሙሮች አንዱ፣ ልጅ የእናቱን አስከሬን ሊወስድ የመጣውን ጋሪ በመስኮት ሲያይ የሚያለቅስበት ነው። ሮዛን ጋሪውን በመኪና ቀየረችው እንጂ ለቅሶው ያው የቤተሰቡ ለቅሶ ነው። የጁንን ወገን ውርስ ይዛ ነው ለአባቷ ያለቀሰችው።

ሁለተኛው ዘፈን «ሬዲዮ ኦፕሬተር» ይባላል። እዚህ ላይ ቪቪያን ከጥዱ ሥር ትወጣለች። ዘፈኑ ጀርመን አገር ማዳመጫ ደፍቶ ስለሚሠራው ወጣት ወታደርና ባሕር ማዶ ሆና ስለምትጠብቀው ልጅ ነው። ቅርሱ እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው። ሦስተኛው ዘፈን ደግሞ ልጅቱ ሳትወለድ፣ በ1954 ወላጆቿ ሲጋቡ ከወዲያኛው ዓለም ሆና እያየቻቸው ይጀምራል። እንግዲህ አሰላለፉን ተመልከቱ። ፊልሙ የጆኒን ሕይወት ወደ ጁን የሚያደርስ መንገድ አድርጎ ሲያሳይ፣ ልጅቱ የአባቷን ሐዘን ስትቀመጥ ገና በሁለተኛው ዘፈን የተመለሰችው ወደ ስኬቲንግ አዳራሹ ፍቅር ነው። ያ ፍቅር ስህተት አልነበረም፤ እኔ የተወለድኩት ከዚያ ነው እያለች ነው። ጁንንም አላሳነሰችም፤ አባቷና ጁን ሄንደርሰንቪል ውስጥ ሐይቅ ዳር ለኖሩበት ቤት ራሱን የቻለ ዘፈን ሰጥታዋለች።

የእኛ አገር ጥሩ አልቃሽ ምን ታደርጋለች? «ደግ ነበር፣ ቸር ነበር» ብላ አትቀመጥም። አረማመዱን፣ በር ላይ ሲደርስ የሚያሰማውን ሳል፣ ለልጆቹ ይዞ የሚመጣውን ነገር እያነሳች ነው ሰዉን የምታስለቅሰው። ደፋር ከሆነች ደግሞ በቀን ብርሃን የማይነገረውን በሙሾ ትናገረዋለች፤ ሙሾ ላይ ስለተነገረ ማንም አይቀየማትም። ሮዛን ያደረገችው ይህንኑ ነው። አልበሙ ውስጥ ንዴት አለ። ሐዘንን ወደ ወረቀትና ወደ ውርስ ጉዳይ በሚለውጡ ሰዎች፣ የተዘጋጀ የማጽናኛ ቃል በሚያከፋፍሉ የሃይማኖት ሰዎች ላይ ትቆጣለች። አባቷ መልአክ እንዳልነበረም ትናገራለች። ግን አትወቅሰውም። በእኛ ቋንቋ «ሙት ወቃሽ» እና «ሙት አወዳሽ» መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዛ ትሄዳለች። ይኼ ቀላል እንዳልሆነ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሟች እውነቱን ለመናገር የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

እንከን የለሽ ሥራ ነው አልልም። ግማሹን ዘፈን ቢል ቦትረል ሎስ አንጀለስ፣ ግማሹን ባሏ ጆን ሌቨንታል ኒው ዮርክ ነው ያቀናበሩት። የሁለቱ እጅ መለያየቱ አንዳንድ ቦታ ይታወቃል። ጊታሩ አለቅጥ ተወልውሎ፣ ሐዘኑ ትንሽ እንዲቆሽሽ የምትመኝበት ቦታ አለ። አልበሙ ለግራሚ ታጭቶ ነበር፤ በዘርፉ ሽልማቱን የወሰደው ቦብ ዲላን ነው። በዲላን መሸነፍ ደግሞ አያሳፍርም።

መጨረሻው ግን ከሽልማት በላይ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ አንድ ሌላ ቁጥር ይቀራል። ርዕሱ ቃል የለውም፤ «0:71» ይላል። ሲዲ ማጫወቻው ይቆጥራል፤ ድምፅ የለም። ለ71 ሴኮንድ ዝምታ ብቻ ነው። የተበላሸ መስሎህ ድምፁን ትጨምራለህ። ምንም የለም።

ጆኒ ሲሞት 71 ዓመቱ ነበር። ቪቪያን ስትሞትም 71 ዓመቷ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሁለቱን ፍርድ ቤት ለያያቸው፤ ሁለቱም ሌላ አገቡ፤ ዓለምም የጆኒን ስም ከጁን ስም ጋር ጽፎ ቪቪያንን ዘለላት። ልጃቸው ግን ያለ ቃል፣ ያለ ክርክር፣ በአንድ ቁጥር መልሳ አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ማንም «ተሳሳትሽ» ሊላት አይችልም። ዝምታ አይስተባበልም። እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን፣ ራሳችንን ሰብረን፣ ቃል ሳንተነፍስ የምንቀመጣት ያቺ የመጀመሪያ ደቂቃ ትርጉሟ ይኼው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ታሪኩን ቀጠለው። በአፕሪል 2007 የሐይቁ ዳር ቤት በእሳት ጋየ። ቤቱን የቢጂሱ ባሪ ጊብ ገዝቶት በእድሳት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ቪቪያን ከመሞቷ በፊት የሠራችበት መጽሐፍ ታተመ፤ እነዚያ የጀርመን ደብዳቤዎች አደባባይ ወጡ። በ2009 ሮዛን አባቷ ከሰጣት ዝርዝር 12 ዘፈኖች መርጣ ሌላ አልበም ሠራች። ዳይስ ያለውን የጆኒን የልጅነት ቤት የአርካንሶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ አሳደሰውና በ2014 ለጎብኚ ተከፈተ። ትልቁ ቤት ተቃጠለ፤ የጥጥ ለቃሚዎቹ ቤት ቆመ። በ2020 ደግሞ ስለ ቪቪያን ብቻ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ተራኪዎቹ አራቱ ሴቶች ልጆቿ ናቸው።

የመጨረሻውን ግን ማንም አልጠበቀውም። በ«ብላክ ካዲላክ» ውስጥ ከዝምታው በፊት ያለው ዘፈን ስሙን ያገኘው የካሽ ቤተሰብ የመጀመሪያው አባት ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ መጣበት ከሚባለው መርከብ ነው። ሮዛን የአባቷን የዘር ሐረግ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ቆጥራ አግኝታለች። የእናቷ ወገን ግን ከጣልያንነት ያለፈ ታሪክ አልነበረውም። በ2021 ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በሚያዘጋጁት፣ የሰዎችን ዘር በሚፈልግ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ስትቀርብ ሰነድ ተሰጣት። ከቪቪያን ቅድመ አያቶች አንዷ ሣራ ሺልድስ የተባለች፣ በባርነት ተወልዳ በ1848 ነፃ የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች።

የ1965ቱን ፎቶግራፍ አስታወሳችሁ? ያ ጋዜጣ ቪቪያንን ለማዋረድ የተናገረው ነገር ውስጥ፣ እሷ ራሷ የማታውቀው እውነት ተደብቆ ነበር። ዘረኞቹ አላወቁትም፤ በደመ ነፍስ ክፋታቸው የተናገሩት ነው። ቪቪያንም ሳታውቀው ሞተች። በመካከሉ ግን አንዲት ሌላ ሴት፣ ከቪቪያን ይልቅ ርቃ፣ ከሌላ ጥድ ሥር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆማ ኖራለች። የአባትየው ወገን መርከብ ዘፈን ሲኖራት የሣራ ዘፈን የለም። አልበሙ በ2006 ሲወጣ ሮዛን ስለ እሷ አታውቅም ነበር። አሁን ያንን 71 ሴኮንድ ስሰማ፣ ለሣራም ትንሽ ቦታ ያለው ይመስለኛል።

ወደ ቀብራችን እንመለስ። የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እንቅልፍ ሳይተኙ፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ሌሊት በሻይ የሚጽፏት ወረቀት ነች። ቤተሰብ እንዳይጣላ፣ ሰው እንዳይቀየም ብለው ያሳጥሯታል። ግን ልጆች አሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው የአባታቸው ታሪክ እናታቸው ሳትጠቀስ ሲነበብ የሚሰሙ ልጆች። እነሱ ለማንም ምንም አይሉም፤ አፈር ያለብሳሉ፤ ንፍሮ ይቆነጥራሉ፤ ቤታቸው ይገባሉ። ሁሉም እንደ ሮዛን አልበም ማውጣት አይችልም። ያ ያልተነገረ ነገር ውስጣቸው ይቀራል፤ እነሱም ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል።

እና አደራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን ወረቀት እንድትጽፉ እጣው ከደረሳችሁ፣ ከሹመቱና ከምስክር ወረቀቱ አንዱን ቀንሱና አንድ መስመር አስተርፉ። «ከወይዘሮ እገሊት ሦስት ልጆች አፍርተዋል» የምትል አንዲት መስመር። ለማንበብ አምስት ሴኮንድ አትፈጅም። ከጥዱ ሥር የቆመችው ሴትዮ ትሰማታለች፤ ልጆቿም ይሰሟታል።

ለሁሉም ነፍስ ይማር።